ስሎፒ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በቦታው እንዴት እንጠቀም?

አንድ ጊዜ የሠራሁት ሪፖርት ጥጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ስሎፒ» ተብሎበት ተመለሰልኝ። መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ስለ ጭቃና ስለ እርጥበት ያወራል። ሪፖርትና ጭቃን ምን አገናኛቸው?

ቃሉን ለመያዝ ግን ከጭቃው መጀመር ይሻላል። ስሎፒ የወጣው ስሎፕ ከሚለው ቃል ነው፤ ስሎፕ ማለት የፈሰሰ፣ የተንቦጫረቀ ነገር ነው። ለአሳማ የሚደፋው የምግብ ትራፊም ስሎፕ ይባላል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መንገዱ ስሎፒ ነው ከተባለ ጨቅይቷል ማለት ነበር፤ ስለ ሰውና ስለ ሥራ መነገር የጀመረው ኋላ ነው። የእኛም «ተዝረከረከ» እኮ መጀመሪያ ዓይናችን ላይ የሚያመጣው ከዕቃው ወጥቶ የተበታተነ ነገር ነው። ስለዚህ ለስሎፒ ከሁሉ የሚቀርበው «ዝርክርክ» ነው። ዛሬ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ በገፍ እየተመረተ ኢንተርኔቱን ያጥለቀለቀውን ርካሽ ነገር ስሎፕ የሚሉትም ያለ ምክንያት አይደለም።

ቀጥሎ ቃሉ ከምን ጋር እንደገባ እዩ። ሥራ ከሆነ የይድረስ ይድረስ ነው። ልብስ ከሆነ ዘርፋፋ፣ ሾርባ ከሆነ ውሃ ውሃ የሚል። አሜሪካ ውስጥ ስሎፒ ጆ የሚባል ምግብ አለ፤ የተፈጨ ሥጋ በቲማቲም ስጎ ዳቦ ውስጥ ይገባል። ሲበሉት እጅ ላይ ይንጠባጠባል። አውስትራሊያ ሄዳችሁ ስሎፒ ጆ ብትሉ ግን ሰፊ ሹራብ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ብዙዎቻችንን የሚያሳስተው ነው። አማርኛ «ግዴለሽ» ብሎ የሚገላገለውን እንግሊዝኛ ከፋፍሎታል። ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ልቡ ሌላ ቦታ ሆኖ በሩን ሳይቆልፍ የሄደ ሰው ኬርለስ ነው። የሠራው ሥራ ከተዝረከረከ ስሎፒ። አደጋውን እያወቀ ዘው ካለበት ደግሞ ሬክለስ ነው።

ይህቺ ሬክለስ ኪስም ትነካለች። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ፣ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይልና ከዚያ በላይ አልፎ መንዳት «ሬክለስ ድራይቪንግ» ይባላል። ተራ የትራፊክ ቅጣት አይደለም፣ ወንጀል ነው። እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ያመጣል። እዚያ ፍርድ ቤት ቆሞ «ኬርለስ ነበርኩ» እና «ሬክለስ ነበርኩ» ማለት አንድ አይደለም።

ኬርፍሪ የሚባልም አለ። ኬርለስን ስለሚመስል ስድብ እንዳይመስላችሁ። ሐሳብ የሌለበት፣ ዘና ያለ ማለት ነው፤ የልጅነት ጊዜን ኬርፍሪ ይሉታል።

ዓረፍተ ነገር ስትሠሩ በተቻለ መጠን ስሎፒን ለሥራው ስጡት። «ዚስ ኢዝ ስሎፒ ወርክ» ይቆጠቁጣል፣ ግን ይታረማል። «ዩ አር ስሎፒ» ሰውየውን ራሱን ዝርክርክ ማለት ነው፤ ለአለቃ ቀርቶ ለጓደኛም ይከብዳል። ድርጊትን ለመግለጽ ስሎፒሊ፣ ለማወዳደር ስሎፒየር በሉ። አሜሪካኖች ሲጠሩት ወደ «ስላፒ» ያደላል፣ ስትሰሙት ሌላ ቃል እንዳይመስላችሁ።

ስትጽፉት ደግሞ ፒ ፊደል ሁለት ናት፦ sloppy። እኔ ለዚያ ሪፖርት የይቅርታ ኢሜይል ስልክ በአንድ ፒ ነበር የጻፍኩት።