የትል መደቡ ሲሸት፣ ሲያፈስና ትሉ ሲሸሽ፦ ችግርና መፍትሄ

ቨርሚኮምፖስት፣ ማለትም ትል እበትና ጥራጊ በልቶ የሚያወጣው ማዳበሪያ፣ አካባቢን ይጠቅማል የሚባለው ትሉ አየር አግኝቶ ሲሠራ ነው። አየር ሲያጣ እበቱ ሚቴን ያወጣል፤ ናይትሮጅኑም በአሞኒያና በናይትረስ ኦክሳይድ መልክ ይበናል። በ100 ዓመት ስሌት ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 27 እጥፍ ገደማ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ ደግሞ 273 እጥፍ ምድርን ያሞቃል። ትሉን የሚገድለውና አየሩን የሚያበላሸው ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው።

ከታች ያሉት መጠኖች 1 ሜትር በ2 ሜትር ለሆነ፣ ጥላ ላለውና 2 ኪሎ ገደማ ቀይ ትል (ኤይሴኒያ ፌቲዳ) ለያዘ መደብ ናቸው። ይህ ትል በቀን የክብደቱን ግማሽ ያህል ይበላል፤ ስለዚህ 1 ኪሎ ምግብ ይበቃዋል።

የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል

በሐምሌና በነሐሴ የብዙ የጎጃም መደቦች ችግር ይህ ነው፦ ውሃ በዝቷል፣ አየር ጠፍቷል። ለማረጋገጥ ከመሐል አንድ እፍኝ ወስደው ይጭመቁ። አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፤ ከተንቆረቆረ ውሃ በዝቷል፤ እጅ ላይ ከተበተነ ደርቋል።

ምግብ መጨመሩን ያቁሙ። ላይኛውን 15 ሳንቲ ሜትር በመንሽ ቀስ አድርገው ያላሉ፤ በአካፋ አይሞክሩት፣ ትሉን ይቆርጠዋል። ከዚያ ደረቅ ነገር ይቀላቅሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው የጤፍ ጭድ ነገር አለ፦ ጭዱ ደቃቅ ስለሆነ ሲረጥብ ይጣበቅና እንደ ጭቃ ምርጊት አየሩን ይዘጋዋል። ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር የተከተፈ የበቆሎ አገዳ ይሻላል፤ ውስጡ አየር ይይዛል፣ ቶሎም አይወድቅም። ጭዱን ከብት ይብላው።

ዝናብ ለመከላከል ፕላስቲክ በቀጥታ መደቡ ላይ ማልበስ ያንኑ ችግር በሌላ በኩል ያመጣል። ሸራው ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይወጠር፤ መደቡን እርጥብ ጆንያ ያልብሱት። ወለሉም ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሎ መውረጃ ይኑረው።

አሞኒያ ይሸታል፣ ዓይን ያቃጥላል

ሽንት የጠጣ ትኩስ አዛባ ወይም የዶሮ ኩስ ገብቷል ማለት ነው። የሚሸተው ማሳው ላይ ሊውል የሚገባው ናይትሮጅን ነው፣ በአየር እየሄደ። አመድ ነስንሱበት የሚል ምክር ይሰማል፤ አይስሙት። አመድ አሲዱን ስለሚቀንስ አሞኒያው ይብሱን ይበናል። አንድ እጅ አዛባን ከሁለት እስከ ሦስት እጅ ደረቅ አገዳ ወይም ቅጠል ጋር ይቀላቅሉና ለትሉ ከመስጠትዎ በፊት ከ2 እስከ 3 ሳምንት ለብቻው ይከምሩት።

ትሉ በግድግዳው ይወጣል፣ ወይም ይሞታል

መጀመሪያ ባለፈው ሳምንት ምን እንደገባ ያስቡ። የጠላ አተላ ከሆነ ጎምዛዛ ነው፣ አልኮልም ይቀረዋል፤ ቆዳው ስስ የሆነ፣ በቆዳው የሚተነፍስ ፍጡር አይችለውም። አንድ ሁለት እፍኝ የተወቀጠ የእንቁላል ቅርፊት ይበትኑ። የእርሻ ኖራ ካለም አንድ እፍኝ ይበቃል፤ ለግድግዳ የሚቀባው ኖራ ግን ያቃጥላቸዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል በዘይቱ ምክንያት አይስማማቸውም። የጫት ገራባም ያስጠረጥራል፦ ፀረ ተባይ የተረጨ ሊሆን ይችላል።

አዲስ ምግብ ባመጡ ቁጥር ጥቂቱን በቆርቆሮ አድርገው 10 ትል ይጨምሩበት። በማግስቱ ሁሉም ውስጡ ከገቡ ይስጡ፤ ጠርዝ ላይ ከተሰበሰቡ ተዉት።

ሙቀትም ያባርራቸዋል። ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ይመቻቸዋል፤ 35 ይገድላቸዋል። ወደ ዓባይ በረሃ ቆላው መደቡን መሬት ቆፍሮ ማስገባት ይረዳል፣ ክረምት ላይ ውሃ እንዳይተኛበት እየተጠነቀቁ። በጮቄ ተራራ ዙሪያ ግን ፍርሃቱ ውርጭ ነው፤ ከ10 ዲግሪ በታች መብላት ይቀንሳሉ፣ ምግቡም በዚያው ልክ ይቀነስ። ምግብ በአንድ ጊዜ ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ መደራረብም መደቡን ያግላል።

ጉንዳን ከመጣና መደቡ ባለ እግር ሳጥን ከሆነ፣ እግሮቹን ውሃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ያቁሙ። ዶሮን በወንፊት ሽቦ ይከልክሉ።

ከሥር ቡናማ ውሃ ይፈሳል

ይህን «የትል ሻይ» ብለው የሚሸጡ አሉ። በግማሽ የበሰበሰ እበት እጣቢ ነው፤ ናይትሬትና ጀርም ይዞ ወደ ምንጭ ከገባ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። በባልዲ ይጠራቀም፤ መደቡ ሲደርቅ መልሰው ያርከፍክፉት፣ ወይም 1 እጅ ለ10 እጅ ውሃ በጥብጠው ከዛፍ ሥር ያፍሱ። ሰላጣና ቆስጣ ላይ አይሆንም። መደቡ ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ፍሳሹ በየቀኑ ከመጣ ውሃ ማጠጣቱን ይቀንሱ።

ኮምፖስቱ የተበተነበት ማሳ አረም በአረም ሆነ

የትል መደብ አይግልም፤ ስለዚህ የአረም ዘርም ጀርምም ሳይሞት ያልፋል። ለትሉ ከመስጠት በፊት ክምሩ 55 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 3 ቀን መቆየት አለበት፤ ዳሩ መሐል እንዲገባም ይገለባበጥ።

እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ስለሆነ መጀመሪያ ይጠውልግ። ዘሩ ለዓመታት ሳይበቅል ይቆያልና ሳያብብ ይታጨድ፤ ሥራውም ከሐይቁ ዳር አይውጣ። ትኩሱን በመኪና ጭኖ ወደ ቆጋ መስኖ አካባቢ መውሰድ አረሙን በነፃ ማድረስ ነው።

ኮምፖስት ገብቶም ሰብሉ ይቀጭጫል

የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ቀይ አፈር ብዙ ቦታ ኮምጣጣ (አሲዳማ) ነው። ኮምፖስቱ እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም በሥር ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያለዝባል፣ ኖራን ግን አይተካም፤ መጀመሪያ አፈሩን ያስመርምሩ።

መጠኑንም ያስሉ። 100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። በደረቅ ክብደቱ 1.5 በመቶ ናይትሮጅን ካለው ቨርሚኮምፖስት ያን ያህል ለማግኘት 3 ቶን ገደማ ያስፈልጋል፣ የሚለቀውም ቀስ እያለ ነው። ከሁለት ካሬ መደብ ይህ አይገኝም። ያለውን ለችግኝ፣ ለጓሮ አትክልትና ለፍራፍሬ ጉድጓድ ያውሉት፤ ለጤፉና ለበቆሎው ዩሪያው ይቀጥል።

ኩበት ጠፍቶ ማገዶ በዛ

ይህ ሳጥኑን አይቶ የሚታወቅ ችግር አይደለም። እበቱ ሁሉ ለትል ከሄደና ምድጃው በምትኩ ግራር ከነደደበት ትርፉ ጠፋ። ባዮጋዝ ያለው ቤት መፍትሄው ቅርብ ነው፦ እበቱ መጀመሪያ ጋዝ ይስጥ፣ የወጣው ቅሪት ከደረቅ አገዳ ጋር ተቀላቅሎ አየር እንዲያገኝ ጥቂት ቀን ይሰጣ፣ ሽታው ሲጠፋ ለትሉ ይቅረብ። ባዮጋዝ የሌለው ቤት ኩበቱን አይንካ፤ የበረት ጥራጊውን፣ የከብት ትራፊ ገለባውንና የወጥ ቤት ልጣጩን ለትሉ ይስጥ።