ጽንሱ ታካሚሽ አይደለም፦ ያረገዘች ሙዚቃ ቴራፒስት ልታስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሙዚቃ ቴራፒስት ነኝ ስል ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ታዲያ የት ነው የምትዘፍኚው?» ብሎ ነው። ክለብ አይደለም። ሜሪላንድ ውስጥ አረጋውያን መጦሪያና የልዩ ፍላጎት ልጆች ጋ ነው የምሠራው። ስትሮክ መትቶት መናገር ያቃተው ሰው ቃላቱን በዜማ እንዲያወጣ እረዳዋለሁ (ንግግር የጠፋበት ሰው መዝፈን ላይጠፋው ይችላል፣ ይሄ ራሱን የቻለ ጉድ ነው)። ተራ መጠበቅ የሚከብደውን ልጅ ደግሞ በከበሮ ተራ አስለምደዋለሁ። ለዚህ ሥራ ዲግሪ፣ 1,200 ሰዓት የተግባር ሥልጠናና የቦርድ ፈተና ይጠይቃሉ።

አሁን የመጀመሪያ ልጄን አርግዣለሁ። ሆዴ መግፋት ሲጀምር ጥያቄው ተቀየረ። «ታድሎ! ይሄ ልጅ ገና ሳይወለድ ሙዚቃ ጠገበ» ይሉኛል። የሥራ ባልደረቦቼም ያው ናቸው። እኔ እንደማየው ግን በዚህ ሙያ ያረገዙ ሴቶች የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ጽንሱን እንደ ታካሚ ይይዙትና ራሳቸውን ይረሳሉ። ነርስ ብትሆኚ፣ ዴይኬር ብትሠሪ፣ ቤት ለቤት አረጋውያን ብትንከባከቢም ከዚህ ውስጥ ግማሹ ይመለከትሻል።

ሆድ ላይ ሄድፎን ማሰር

ቤቢ ሻወር ላይ አንዷ አክስት ይዛ መምጣቷ አይቀርም። ሆድ ላይ የሚታሰር ስፒከር፣ ከነቀበቶው። አመስግኚና ካርቶኑ ውስጥ ተዪው።

የጽንስ ጆሮ በአብዛኛው ቅርጹን የሚይዘው 20ኛው ሳምንት አካባቢ ነው፤ ለድምፅ ምላሽ መስጠት የሚጀምረው ደግሞ ወደ 24ኛው ሳምንት ግድም ነው። በሦስተኛ ወርሽ ክላሲካል የምትከፍቺ ከሆነ የምታስደምጪው ለጉበትሽ ነው። ከዚያ በኋላም ቢሆን ማህፀን ጸጥ ያለ ቦታ እንዳይመስልሽ። የልብሽ ምት አለ፣ የደምሽ ዝውውር አለ፣ አንጀትሽም ዝም አይልም። የውጭው ድምፅ ሥጋና ውሃ አቋርጦ ሲገባ ቀጫጭኑ ይቀርና ወፍራም ወፍራሙ ይደርሳል። ያንቺ ድምፅ ግን በራስሽ አካልና አጥንት በኩል ጭምር ስለሚሄድ ማንም አይቀድመውም።

እ.ኤ.አ. በ1980 ዴካስፐርና ፋይፈር የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሦስት ቀን ያልሞላቸው ሕፃናትን ፈተኑ። የሚጠቡት ጎማ ከቴፕ ጋር የተያያዘ ነበር፣ ሕፃኑ አጠባቡን ሲቀይር የሚሰማው ድምፅ ይቀየራል። ሕፃናቱ ከማያውቋት ሴት ይልቅ የእናታቸው ድምፅ እንዲመጣ አድርገው ጠቡ። ያ ሁሉ የሆነው ሆዷ ላይ ምንም ሳይታሰር ነው፤ እናትየው እንዲሁ ስታወራ፣ ስልክ ላይ ስትጨቃጨቅ ከርማ ነው።

የሞዛርትን ክላሲካል ሙዚቃ የሰማ ልጅ ብልህ ይሆናል የሚለው ወሬስ? ወሬው የተነሣበት የ1993ቱ ጥናት የተሠራው ኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ነው፣ ጽንስ ላይ አይደለም። የተገኘውም የቅርጽ እንቆቅልሽ መፍታት ላይ ትንሽ መሻሻል ነበር፣ እሱም ከሩብ ሰዓት አይዘልቅም። ወሬው ግን እየተጋነነ ሄዶ በ1998 የጆርጂያ ግዛት ገዥ ለሚወለደው ልጅ ሁሉ ክላሲካል ሙዚቃ ለማደል ከበጀት ገንዘብ እስከ መጠየቅ ደረሰ። ሞዛርት ደስ የሚልሽ ከሆነ ስሚው፣ ለራስሽ።

«ጆሮዬን ከደፈንኩ ምን ችግር አለ?» ማለት

ችግር አለ። የጆሮ መድፈኛ የሚጠብቀው ያንቺን ጆሮ ነው፣ የጽንሱን አይደለም። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ተቋም ናዮሽ ለማንኛውም ሠራተኛ በ8 ሰዓት ውስጥ በአማካይ ከ85 ዲሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ያረገዘች ሴት ደግሞ ከ115 ዲሲቤል በላይ የሆነ ቦታ፣ ጆሮዋን ሸፍናም ቢሆን፣ እንዳትገኝ ይላል። ወፍራም ድምፅ በቀላሉ ሰውነትን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ደረትሽና ሆድሽ ላይ እንደ ንዝረት የሚሰማሽን ቤዝ ሽሺው።

በጊታር የሚደረግ ሴሽን ምንም አይልሽም፣ አትደንግጪ። እኔን የሚያሳስበኝ ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል ውስጥ ሰው ሁሉ ክብ ሠርቶ ጀምቤ የሚባለውን የአፍሪካ ከበሮ ሲደበድብ፣ አንቺም መሐል ላይ ሆነሽ ስትመሪ ነው። ያኔ ከመሐል ወጥተሽ በር አካባቢ ቁሚ፣ ትልልቆቹን ከበሮዎች ቀንሺ፣ ሰዓቱን አሳጥሪ። አምፕሊፋየር ሆድሽ ትይዩ አይቀመጥ። ናዮሽ ራሱ ለአይፎን በነፃ የሚሰጠው የድምፅ መለኪያ አፕ አለ፣ አውርጂውና ለኪ። እግረ መንገድሽን የሐበሻ ሠርግ ስትሄጂም ክፈቺው፤ ስፒከሩ ሥር የተዘረጋው ጠረጴዛ የአማትሽ ቢሆን እንኳ ወንበር ቀይሪ።

ምራቅ የነካውን ዕቃ በባዶ እጅ መቀበል

ይሄኛውን በደንብ አንብቢው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም።

ሲኤምቪ የሚባል ቫይረስ አለ። ትልቅ ሰው ሲይዘው ብዙ ጊዜ ወይ ምንም አይሰማው ወይ ጉንፋን ይመስለዋል። ከእናት ወደ ጽንስ ካለፈ ግን አደጋ ሊያመጣ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ከሚወለዱ 200 ሕፃናት አንዱ ገደማ ይዞት ይወለዳል፣ ከነዚህም ከአምስቱ አንዱ ዘላቂ የጤና ችግር ይገጥመዋል። ከችግሮቹ ብዙ ጊዜ የሚታየው ደግሞ ጆሮ መስማት አለመቻል ነው።

ዋናው መተላለፊያው የትንንሽ ልጆች ምራቅና ሽንት ነው። አሁን ሴሽኑን አስቢው። የሁለት ዓመት ልጅ እንቁላል የመሰለችውን ሻከር ሁለቴ ይነቀንቃትና አፉ ይከታታል። በደንብ ካላመጣት በኋላ፣ ምራቋ እየተንጠባጠበ፣ «እንቺ!» ብሎ ይዘረጋልሻል። ሥራችን ደግሞ የተዘረጋልንን መቀበል ነው፣ ያ ልጅ ለሰው ዕቃ መስጠት እንዲለምድ ስንት ወር ተለፍቶበታል። ተቀበዪው፣ ፈገግ በዪ፣ ግን እጅሽ ዓይንሽና አፍሽ ጋ ሳይደርስ በሳሙናና በውሃ ቢያንስ 20 ሴኮንድ ታጠቢ። ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ዕቃ በፕላስቲክ ከረጢት ለይተሽ አስቀምጪ። የሚነፋ ነገር፣ ፊሽካም ሆነ ሃርሞኒካ፣ በጋራ አይሆንም። የተረፈ ብስኩቱን አትጉረሺለት፣ የወደቀ ጡጦውን በአፍሽ አታጽጂለት። ይሄ ለእህትሽ ልጅም ይሠራል፤ ጉርሻ የፍቅር ነው እያልን እኮ ከሕፃን አፍ ተቀብለን የምንጎርስ ሰዎች ነን።

ስለ ኩፍኝ ክትባትሽ፣ ስለ ጉድፍ እና ፓርቮ ቫይረስ ስለሚባለው ደግሞ ሐኪምሽን ጠይቂ። የልጆች ክፍል ውስጥ እንደምትሠሪ ካልነገርሻት በራሷ ላታነሳው ትችላለች።

ጊታሩንና ሆድን ማታገል

ወደ መጨረሻዎቹ ወራት ሆድ ያሸንፋል። ጊታሩ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ትከሻሽ ይጣመማል፣ ማታ ወገብሽ አያስተኛሽም። ቀጭንና አነስ ያለ ጊታር ተዋሺ፣ ማሰሪያውን አሳጥሪና ከሆድሽ ከፍ አድርገሽ ያዢው፣ ወይ ኡኩሌሌ የምትባለውን ትንሽዬ ባለ አራት ክር ጊታር ውሰጂ። ክራር የምትችዪ ከሆነ ጭንሽ ጎን ላይ ስለሚቀመጥ በጣም ይመቻል፤ ፈረንጆቹም አይተውት ስለማያውቁ ግማሹ ሴሽን «ይሄ ምንድን ነው?» በሚለው ያልቃል። ኪቦርድና ከበሮ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ግን ይቅር፤ ጎማ ያለው ጋሪ ግዢ።

በድሮው ትንፋሽ ለመዝፈን መታገል

ማህፀን ሲያድግ ድያፍራምን (ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ድሮ በአንድ ትንፋሽ የምትጨርሺው ስንኝ መሐል ላይ ይቆረጣል። አፍንጫሽም ሊታፈን ይችላል፣ ቃርም ጉሮሮሽን ያሻክረዋል። ቴራፒስቶች ይሄን እንደ ድክመት ቆጥረው ጮክ ብለው ለመሸፈን ይሞክራሉ፣ ጉሮሯቸውን የሚጎዱትም ያኔ ነው። የዜማውን ቁልፍ ዝቅ አድርጊ፣ ስንኙን ቁረጪ፣ ተቀምጠሽ ዝፈኚ። ታካሚው የመጣው ያንቺን ኮንሰርት ሊያይ አይደለም።

አለቃ እንዳያውቅ መደበቅ

የኛ ሰው ሦስት ወር ሳይሞላ ማውራት አይወድም። የሰው ዓይን አለ፣ ደግሞም ጽንሱ ቢወርድ ለሁሉም ማስረዳት አለ። ይገባኛል፣ እኔም ለዘመድ አዝማድ አልተናገርኩም። የሥራ ቦታ ግን ሌላ ነው። ሲቆጣ የሚራገጥ ወይም ዕቃ የሚወረውር ታካሚ ካለሽ ቢያንስ አንድ ሰው ማወቅ አለበት። ያ ሰው ሱፐርቫይዘርሽ ይሁን፣ ለሌላ እንዳታወሪም በያት። በር በኩል መቀመጥ፣ ሁለተኛ ሠራተኛ ክፍል ውስጥ እንዲኖር ማድረግ፣ ካስፈለገም ታካሚውን ለሌላ ማስተላለፍ የሚቻለው ሲታወቅ ነው።

ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። ከሰኔ 2023 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ሕግ አለ፤ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ላረገዘች ሠራተኛ ተመጣጣኝ ማስተካከያ ማድረግ አለበት። መቀመጫ፣ ተጨማሪ ዕረፍት፣ ከባድ ዕቃ አለማንሳት፣ እንዲህ ያለውን።

የወሊድ ፈቃዱ ላይ ነው የኛ ሙያ ሰዎች ጉድ የሚሆኑት። ኤፍኤምኤልኤ የሚባለው የፌዴራል የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ 12 ሳምንት ይሰጣል፣ ግን ያለ ክፍያ ነው፣ መሥሪያ ቤቱም ቢያንስ 50 ሠራተኛ ሊኖረው፣ አንቺም እዚያው ቢያንስ አንድ ዓመት ሠርተሽ ባለፉት 12 ወራት 1,250 ሰዓት ልትሞዪ ይገባል። ሰኞ አንድ መጦሪያ፣ ማክሰኞ አንድ ትምህርት ቤት፣ ረቡዕ ሆስፒስ (ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማን የሚያርፉበት) እያለች ሦስት ቦታ የምትሮጥ ቴራፒስት አንዱም ጋ ሰዓቱ አይሞላላት ይሆናል። በ1099፣ ማለትም ተቀጣሪ ሳትሆኚ በራስሽ ኮንትራት፣ የምትሠሪ ከሆነ ጭራሽ አይመለከትሽም። በአንጻሩ ሥራሽ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከሆነ፣ ቤትሽ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቢሆንም እንኳ፣ የዲሲው ፕሮግራም ለወላጅነት 12 ሳምንት፣ ከመውለድሽ በፊት ለክትትል ደግሞ 2 ሳምንት የሚከፈልበት ፈቃድ አለው። ኤችአርን (የሠራተኛ ጉዳይ ክፍሉን) አሁን ጠይቂ። ስምንተኛ ወር ላይ ወረቀት ማሯሯጥ አያምርም።

ሆዱ እንደማይታይ መሆን

ሆድሽ ካንቺ ቀድሞ ክፍሉ ይገባል። አንዳንዱ ታካሚ ደስ ይለዋል። እኔ የምሄድበት መጦሪያ ውስጥ የመርሳት ሕመም ያለባቸው እናት አሉ፣ በመጣሁ ቁጥር ሆዴን እንደ አዲስ ያዩታል፣ በመጣሁ ቁጥር ያጨበጭባሉ፣ ከዚያ እጃቸውን ሆዴ ላይ አድርገው እሳቸው ለኔ ይዘፍናሉ። እንግዲህ ማን ማንን እያከመ እንደሆነ ባልጠየቅ ይሻላል።

ሌላ ክፍል ውስጥ ግን ልጇ የሞተባት ሴት አለች። ፅንስ ያስወረዳት፣ ዓመታት ሞክራ ያልተሳካላት አለች። እሷ ፊት ላይ ሆድሽን በጊታር ሸፍነሽ ምንም እንዳልተፈጠረ መሆን አይሠራም፣ አይታዋለች። ከሴሽኑ በፊት ብቻዋን አግኝተሽ ንገሪያት፤ ከሌላ ሰው ጋር መቀጠል ትፈልግ እንደሆነም ጠይቂያት። ብትቆጣም ቁጣዋን ስሚው። አንቺም ከሆስፒስ አልጋ ሥር ዘፍነሽ የወጣሽ ቀን ቀጥታ ሌላ ታካሚ ጋ አትግቢ፤ መኪና ውስጥ ትንሽ ቁጭ በዪ፣ ከዚያ ለሱፐርቫይዘርሽ ደውዪ።

ስትሄጂም ድንገት አትጥፊ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ አንድ ማክሰኞ መጥቶ ካጣሽ ወሩን ሙሉ ሊበጠበጥ ይችላል። ከብዙ ሳምንት በፊት ካላንደር ላይ በሥዕል አሳዪው፣ የምትተካሽን ሴት ይዘሽ ጥቂት ጊዜ አብራችሁ ግቡ፣ የስንብት ዘፈኑን እሷም ትልመደው። ምጥ ደግሞ በቀጠሮ አይመጣምና ይህን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሳምንት አታቆዪው።

የምጥ ፕሌይሊስት ላይ መራቀቅ

እዚህ ላይ ሙያችን ይብስብናል። ሰዓት በሰዓት፣ ቴምፖ (የምቱ ፍጥነት) በቴምፖ ያሰላነው ዝርዝር ይዘን እንሄዳለን። ሥልጠናችን ላይ የተማርነው ግን ሌላ ነበር፤ ሙዚቃው መጀመሪያ ሰውየው ያለበትን ስሜት ይመስላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደሚፈለገው ይወስደዋል። የምትጮኽ ሴት ጆሮ ላይ የባሕር ሞገድ መክፈት ከዚህ ጋር አይሄድም። ስለዚህ አጫጭር ዝርዝሮች ሥሪ፤ አንዱ ለመንጎራደድ፣ አንዱ ለማረፍ፣ አንዱ ለመናደድ። ዝም ማሰኘትም እንደሚቻል ለሁሉም ንገሪ። እናትሽ ክፍሉ ውስጥ ካሉ «ማርያም፣ ማርያም» ሊሉ ነው፣ ያ ደግሞ ራሱ ምት አለውና ስፒከሩ ይዘጋላቸው።

ለልጁ የምትዘፍኚውን ደግሞ ከሙያ መጽሐፍ አትፈልጊ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ በ11 ሆስፒታሎች፣ 272 ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ነበር፤ ከተሞከሩት አንዱ ወላጆች ራሳቸው የመረጡት፣ ለነሱ ትርጉም ያለው ዘፈን ቀስ ተደርጎ ሲዘፈን ነው፣ ሕፃናቱንም ረድቷል፣ የወላጆቹንም ጭንቀት ቀንሷል። እሽሩሩ ከሆነ እሽሩሩ፣ ባልሽ የሚያንጎራጉረው የድሮ ትዝታ ከሆነም እሱ። ድምፁ ቢሸካከር አታርሚው።

ፕሌይሊስቱን ባልሽም ስልክ ላይ ጫኚው፣ ከኢንተርኔት ውጭ እንዲከፈት አድርገሽ። ቻርጀር ስትይዢ ረጅም ገመድ ያለውን ያዢ፤ የሆስፒታል ሶኬት ሁልጊዜ ከአልጋው ጀርባ ነው።