በሬምብራንት ቤት ብዙዎቻችን የምንሳሳተው

አምስተርዳም ውስጥ ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1639 እስከ 1658 የኖረበት ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው። በመዳብ ሰሌዳ የሠራቸውን ኅትመቶች ከሞላ ጎደል በሙሉ ይዟል። ብዙ ጎብኚ ግን ትልልቅ የቀለም ቅቦችን ፈልጎ ይገባና ወረቀቶቹን ገረፍ አድርጎ ያልፋል። ያሳዝነኛል።

ትልቁ ስህተት ኅትመትን የሌላ ሥዕል ቅጂ አድርጎ ማየት ነው። ሬምብራንት ሰም የተቀባ መዳብ ላይ በመርፌ ይጭራል፤ አሲዱ የተጫረውን መስመር ብቻ ይበላዋል፤ ቀለም የገባበት ሰሌዳ ከእርጥብ ወረቀት ጋር ተጨምቆ ይታተማል። ከዚያ ውጭ “ዋናው” የሚባል ሥዕል የለም። አትሞ ካየ በኋላም ሰሌዳውን እንደገና ይነካካዋል። ያለ አሲድ መዳቡን በቀጥታ እየፋቀ በ1653 የሠራውን “ሦስቱ መስቀሎች” ተመልከቱ። የቀደመውንና የኋለኛውን እትም ጎን ለጎን ብታዩ፣ በኋለኛው ከመስቀሉ ሥር የነበረውን ሕዝብ ጨለማ ውጦታል። ስለዚህ አንዱን አየሁ ብላችሁ ሌላውን አትለፉት።

የእኛ ሰው ደግሞ የ1641ዱን ባያልፈው ደስ ይለኛል፤ ፊልጶስ የንግሥት ህንደኬን ጃንደረባ ሲያጠምቅ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከልጅነታችን የምናውቀው ታሪክ ከደብተር ገጽ ብዙም በማይበልጥ ወረቀት ላይ ሰፍሯል።

ሌላው ስህተት ግርጌ ላይ ያለውን ስም እንዳለ መቀበል ነው። በ1557 አንትወርፕ ውስጥ የታተመው “ትልልቅ ዓሦች ትንንሾቹን ይበላሉ” ሥር የታዋቂው ሠዓሊ የሒሮኒመስ ቦስ ስም ተጽፏል። ቦስ ግን የሞተው በ1516 ነው! የነደፈው ሌላው ሠዓሊ ፒተር ብሩገል ነው፤ የ1556 ንድፉ ቪየና፣ አልበርቲና ሙዚየም ውስጥ አለ። መዳቡን የቀረጸው ፒተር ቫን ደር ሄይደን፣ ያሳተመው ሒሮኒመስ ኮክ፤ የታወቀው ስም የተጻፈው ለገበያ ይመስላል። በሌሎች ኅትመቶች ግርጌም “ኢንቬኒት” የሚለው የላቲን ቃል ነዳፊውን፣ “ስኩልፕሲት” ቀራጩን፣ “ኤክስኩዲት” አሳታሚውን ይነግራችኋል።

ንድፉና ኅትመቱ ሲነጻጸሩ ግራው ቀኝ መሆኑንም ልብ በሉ፤ ሰሌዳ ሲታተም ይገለብጣል። ኅትመቱ ላይ ጀልባ ውስጥ ያለው አባት ሆዱ የተዘረጠጠውን ዓሣ ለልጁ ያሳየዋል፤ አጠገቡም በላቲን “እነሆ” የሚል ቃል ተጽፏል። ንድፉን ብቻ ያየ ሰው ይህን አባት በተቃራኒው ወገን ነው የሚያውቀው።

በመብራቱ መደብዘዝ አትናደዱ። ለወረቀት ሥራ የተለመደው ብርሃን 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ያህል ነው፤ ብርሃን የጎዳው ቀለምና ወረቀት አይመለስም። በዚሁ ምክንያት ሥራዎቹ እየተፈራረቁ ይወጣሉ፤ ግድግዳ ላይ ያጣችሁት የለም ማለት አይደለም። እንደ አምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም ያሉ ሙዚየሞች ቀድሞ ቀጠሮ ለያዘ ሰው ከመጋዘን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡለታል። ያኔ ከጎን ዝቅ ብላችሁ እዩት፤ የመዳቡ ጠርዝ ወረቀቱን ተጭኖ የተወው ጎድጎድ ያለ መስመር ዛሬም በዐይን ይታያል።