ለትልልቅ ሞዴል መኪናዎች የብረት ክፍል ሲሠራ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ይህ ለ1፡8 እና ለ1፡12 ሞዴሎች (ከእውነተኛው መኪና 8 ወይም 12 ጊዜ ለሚያንሱ) ከናስ (ብዙ ሰው ብራስ ከሚለው ቢጫ ብረት)፣ ከአሉሚኒየምና ከሽቦ ክፍሎችን ራሳቸው ለሚሠሩ የተዘጋጀ ነው። ትንሽ ቶርኖ (ዘንግ እያዞሩ መቁረጫ ማሽን)፣ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ)፣ ካውያ (የስታኞ ማቅለጫ) እና አነስተኛ የጋዝ ነበልባል እጅ ላይ እንዳሉ እንገምታለን። በዚህ መጠን ሲሠራ ብልሽቱ የሚታየው አሁን ቢሆንም የተፈጠረው ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ሥራ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ እጅን ከመውቀስ በፊት ቅደም ተከተሉን ወደ ኋላ ማየት ያዋጣል።

ከ1 ሚሊ በታች የሆነ ፑንታ ደጋግሞ ይሰበራል

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፑንታው (የመብሻው) ሳይሆን የያዘው ማንድሪኖ (ባለ መንጋጋ መያዣ) ነው። 0.5 ሚሊ ፑንታ 0.05 ሚሊ እየተወላገደ ሲዞር በየዙሩ ይታጠፋል፣ ይቃናል፤ ሽቦ ወዲያ ወዲህ ሲሉት እንደሚበጠሰው ደክሞ ይሰበራል። ለመፈተሽ ቀጥ ያለ ለስላሳ ዘንግ ማንድሪኖው ውስጥ አስገብተው ዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ያስጠጉና በእጅ ያዙሩት። መርፌው ከ0.02 ሚሊ በላይ ከተንቀሳቀሰ ማንድሪኖውን ትተው ኮሌት (ፑንታውን ዙሪያውን እኩል የሚይዝ ቀለበት) ይጠቀሙ።

ሁለተኛው ምክንያት ዝግታ ነው። ትንሽ ፑንታ ቀስ ብሎ ቢዞር ይተርፋል የሚል ስሜት አለ፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የዙሩ ብዛት 1000 ሲባዛ በመቁረጫ ፍጥነቱ (ሜትር በደቂቃ)፣ ሲካፈል ለ3.14 እና ለፑንታው ውፍረት (በሚሊ) ነው። ናስን በደቂቃ 60 ሜትር እንቁረጠው ብንል 0.5 ሚሊ ፑንታ በደቂቃ 38,000 ዙር ያህል ይፈልጋል። አብዛኛው የቤት ማሽን እዚያ አይደርስም፤ ስለዚህ ያለውን ከፍተኛ ፍጥነት ይስጡትና ግፊቱን ይቀንሱ። ዙሩ ትንሽ ሆኖ እጅ ከገፋ ፑንታው በአንድ ዙር ከአቅሙ በላይ ይጎርሳል።

በየ0.3 ሚሊ ጥልቀት ፑንታውን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ፍቅፋቂውን ያራግፉ። ናስ በደረቁ ይበሳል፤ አሉሚኒየም ግን ፑንታው ላይ ስለሚጣበቅ አንድ ጠብታ ነጭ ጋዝ ይፈልጋል። ፑንታው በሌላው በኩል ብቅ ሲል ብቻ የሚሰበር ከሆነ ከሥር ምንም አልደገፈውም ማለት ነው፤ ቁርጥራጭ የናስ ላሜራ ያንጥፉ።

ከ1.5 ሚሊ በላይ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጠባይ ይመጣል፤ ፑንታው ናሱን ነክሶ ክፍሉን ከሞርሳው መንጭቆ ይወስደዋል። ምክንያቱ የፑንታው ከንፈር ለብረት እንዲሆን ተስሎ መውጣቱ ነው። የመቁረጫ ጠርዙን ፊት በጥሩ መሳያ ድንጋይ ሁለት ሦስት ጊዜ ዳበስ አድርገው ቀጥ ያድርጉት፣ መንከሱን ይተዋል። ከዚያ በኋላ ያ ፑንታ የናስ ብቻ ይሁን።

ታፕ ቀዳዳ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ

ታፕ ቀዳዳ ውስጥ የብሎን ጥርስ የሚያወጣ መሣሪያ ነው፤ ቢሰበርም ክፍሉ ናስ ከሆነ አይጣሉት። ፖታሲየም አሉም ሊሟሟ የቻለውን ያህል በሙቅ ውሃ አሟሙተው ክፍሉን ይንከሩበት፤ ሙቀቱን ሳያቋርጡ ያቆዩት። የታፑን ብረት ቀስ በቀስ እየበላ ናሱን ይተወዋል፤ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። የሚነከርበት ዕቃ የብረት መሆን የለበትም።

እንዳይደገም የቀዳዳውን ልክ ይመልከቱ (ከኤም ቀጥሎ ያለው ቁጥር የብሎኑ ውፍረት በሚሊ ነው)፦ ለኤም 1 ጥርስ 0.75፣ ለኤም 1.2 0.95፣ ለኤም 1.4 1.1፣ ለኤም 1.6 1.25፣ ለኤም 2 1.6 ሚሊ። ናስ ላይ 0.05 ሚሊ ቢሰፋ ጥርሱ ብዙም አይጎዳም፤ ታፑ ግን ዕድሜው ይረዝማል።

ቶርኖ ላይ ቀጭን ዘንግ ጫፉ ወፍሮ ይወጣል

ዘንጉ ከመቁረጫው እየሸሸ ነው። ከመያዣው የወጣው ርዝመት እጥፍ ሲሆን መታጠፉ 8 እጥፍ ይሆናል፤ ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ደግሞ 16 እጥፍ። ከውፍረቱ 3 እጥፍ በላይ አያውጡ። ረጅም ፒን ካስፈለገ መጀመሪያ ጫፉን 3 ሚሊ ያህል እስከ መጨረሻው ልክ ይጨርሱ፣ ከዚያ ዘንጉን ትንሽ አውጥተው ቀጣዩን ይጨርሱ። በየጊዜው በሙሉ ርዝመቱ ላይ ስስ ስስ መላጥ እዚህ አይሠራም። ፊቱ መሃል ላይ ትንሽ ጉጥ ከቀረች የመቁረጫው ቁመት ከመሃል መስመር ወጥቷል፤ በስስ ላሜራ ያስተካክሉ።

ስታኞው ይንከባለላል፤ ወይም አንዱ ሲያያዝ ሌላው ይወድቃል

ስታኞ (ቀልጦ ክፍሎችን የሚያያይዘው ብረት) ኳስ ሆኖ ከተንከባለለ ናሱ ቆሽሿል ወይም ቀዝቃዛ ነው። የብርጭቆ ወረቀት ያሳዩት፣ በአልኮል ይጥረጉት፣ ፍላክስ (ስታኞው እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ይቀቡት፤ ከዚያ ካውያውን ስታኞው ላይ ሳይሆን ወፍራሙ ክፍል ላይ ያሳርፉ። 0.4 ሚሊ ሽቦ 6 ሚሊ ጉብታ ላይ ሲያያዝ ሽቦው ወዲያው ይግላል፣ ጉብታው ግን ሙቀቱን ይጠጣዋል፤ ከላይ ያማረ የሚመስለው መጋጠሚያ በወረንጦ ሲነኩት የሚላቀቀው ለዚህ ነው። በሁለቱ መካከል ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ክፍተት ይበቃል። ስታኞ ሰፊ ክፍተት እንዲሞላ መጠበቅ የለበትም።

የመጀመሪያው መጋጠሚያ በሁለተኛው ሙቀት መፈታቱ ግን የእቅድ ጉድለት ነው። ከከፍተኛ ሙቀት ወደ ዝቅተኛ ይውረዱ፦ ዋናው አካል በብር ብየዳ (55 በመቶ ብር ያለው ከ630 እስከ 660 ዲግሪ ይቀልጣል)፣ ቀጥሎ በቆርቆሮና በብር ስታኞ (221 ዲግሪ)፣ መጨረሻ ላይ ትንንሾቹ በ60/40 ስታኞ (ከ183 እስከ 190 ዲግሪ)። የብር ብየዳ ሲገዙ ካድሚየም የሌለበትን ይምረጡ፤ የካድሚየም ጢስ መርዛማ ነው።

ለምሳሌ የፍሬን ማንሻ በዘንግ ላይ ሲያያዝ ስታኞ ብቻውን እንዲይዘው አያድርጉ። ማንሻውንና ዘንጉን አብረው በ0.5 ሚሊ ይብሱ፣ 0.5 ሚሊ የናስ ሽቦ በቀዳዳው ያሳልፉ፣ ከዚያ ይበይዱ፤ ትርፉን በሞረድ ያስተካክሉ። ስታኞው ቢቀልጥ እንኳ ማንሻው አንግሉን አይስትም። ቀድሞ የተበየደውን ለመጠበቅ ርጥብ ጨርቅ መጠቅለልም ይረዳል፤ ከሽቦው ይልቅ አስተማማኝ ግን አይደለም።

ላሜራው ይሰነጠቃል፣ ቱቦው ይጨማደዳል

ናስ በታጠፈና በተመታ ቁጥር ይደርቃል። በደብዛዛ ብርሃን ጥቁር ቀይ እስኪሆን አግለው ሲያቀዘቅዙት ይለሰልሳል። ብርቱካናማ ካደረጉት ተበላሽቷል፤ የውስጡ ቅንጣት ይሰፋል፣ ሲታጠፍም ፊቱ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። አሉሚኒየም ከመቅለጡ በፊት ቀለም ስለማይቀይር ሳሙና ይቀቡት፤ ሳሙናው ሲጠቁር ይበቃል። የመታጠፊያው መስመር ላሜራው የተዳመጠበትን አቅጣጫ አቋርጦ እንዲያልፍ ያድርጉ እንጂ ከእሱ ጋር ትይዩ አያድርጉት።

ለጭስ ማውጫ የሚሆን 3 ሚሊ ቱቦ ከውፍረቱ 3 እጥፍ በታች በሆነ ራዲየስ መታጠፍ የለበትም። መጀመሪያ ያለስልሱት፣ ሲቀዘቅዝ ደቃቅ ደረቅ ጨው ጠቅጥቀው ሁለቱንም ጫፍ ይድፈኑ፣ ያጥፉ፣ ጨውን በውሃ ያጥቡ። ተደፍኖ ሳለ በጭራሽ አያግሉት፤ እርጥበት ካለው ይፈነዳል። እውነቱን ለመናገር ግን ድፍን ዘንግ አጥፎ ጫፉን 2 ሚሊ መቦርቦር ይቀላል፤ ከዚያ በታች ማንም አያይም።

ናሱ ሮዝ ሆነ፣ ወይም ከወራት በኋላ አረነጓደ

ሮዝነት ፊቱ ላይ የቀረ መዳብ ነው። አንድም በማግለሉ ዚንኩ ከላይ ጠፍቷል፤ አንድም ማጽጃው አሲድ ውስጥ የብረት ወረንጦ ገብቷል። ሲትሪክ አሲድ ባለበት ውሃ ላይ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጨምረው ለጥቂት ደቂቃ ቢነክሩት ይለቃል፤ የፕላስቲክ ወረንጦ ይጠቀሙ። አረንጓዴው ያልታጠበ ፍላክስ ነው፤ በቤኪንግ ሶዳ ውሃና በጥርስ ብሩሽ ማሸት የነበረበት ከቀለም በፊት ነው።

ቀለሙ ይላጣል

ጣት የነካው ናስ ቀለም አይዝም። በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሻክረው በዕቃ ሳሙና ይጠቡ፣ ያድርቁ፣ ከዚያ በኋላ በጓንት ብቻ ይያዙ፤ የመጀመሪያው ልባስ ብረት የሚነክስ ፕራይመር ይሁን።

ሁሉም ልክ ሆኖ አሻንጉሊት ይመስላል

የመለኪያ ጉዳይ ነው። የኤም 8 ብሎን በ1፡8 ልክ ኤም 1 ይሆናል፣ ስለዚህ የተገዛ ኤም 1 ዳዶ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን የዚያ ዳዶ ስፋት 2.5 ሚሊ ነው፤ በ8 ሲባዛ 20 ሚሊ ይሆናል፣ የእውነተኛው ኤም 8 ዳዶ ግን 13 ሚሊ ነው። ዓይን ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይቆጠቁጠዋል። መፍትሄው ከ1.6 ሚሊ ባለ ስድስት ጎን የናስ ዘንግ መቁረጥ ነው፦ ጫፉን በትንሹ ያክብቡ፣ በ0.75 ይብሱ፣ ጥርስ ያውጡ፣ በ0.8 ሚሊ ውፍረት ይቁረጡ። በአንድ ጊዜ 20 ያህል ይሥሩ፤ ግማሾቹ ከወረንጦ ተፈናጥረው መጥፋታቸው አይቀርም።

የላሜራ ጠርዝም እንዲሁ ነው። የእውነተኛ መኪና ኮፈን 0.8 ሚሊ ቢሆን በ1፡8 0.1 ሚሊ መሆን አለበት። 0.1 ሚሊ ናስ ለትልቅ ገጽ ስለሚጨማደድ ከ0.3 ሚሊ ይሥሩትና የሚታየውን ጠርዝ ብቻ ከውስጥ በኩል 3 ሚሊ ያህል ገባ ብለው በሞረድ ያሳሱ።