ተደራራቢ ሮተር ያለው የሪሞት ሄሊኮፕተር እየተዋለለ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ይህ ጽሑፍ ባለ 4 ቻናል ለሆኑት፣ ማለትም ከሪሞቱ አራት ዓይነት ትእዛዝ ለሚቀበሉት ነው፦ ሁለቱ ሮተሮች (የሚያነሱት ተሽከርካሪ ክንፎች) በአንድ ዘንግ ላይ ተደራርበው በተቃራኒ አቅጣጫ ይሽከረከራሉ፤ የታችኛው በስዋሽፕሌት (ዘንጉ ላይ ሆኖ ክንፎቹን በሚያዘነብል ሳህን) እና ሳህኑን በሚገፉ ሁለት ሰርቮዎች (ትንንሽ ሞተሮች) ይታዘዛል፤ የላይኛውን ደግሞ ፍላይባር፣ ማለትም ሁለት ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ዘንግ፣ ያረጋጋዋል። በኢንፍራሬድ የሚሠሩት ትንንሾቹ ባለ 3 ቻናል ስዋሽፕሌት የላቸውም፤ ምንም ቢደረግላቸው ወደ ጎን አይሄዱም። ወደፊት እንዲፈጥኑ አፍንጫቸው ላይ 1 ግራም የማይሞላ ክብደት መለጠፍ ይበቃል። ፀሐይ ላይ አታውጧቸው፤ ሪሞቱን አይሰሙም።

ትሮትሉ (የሞተሩ ኃይል መስጫ) እስከ ጫፍ ተገፍቶም አይነሳም

እኛ የምናበርባት ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሳት ሮተሩ 9 በመቶ ገደማ ፈጥኖ መሽከርከር አለበት። ዝቅተኛ ቦታ ላይ እንደ ልቡ የሚያነሳ ሞተር እዚህ አቅሙን አሟጦ ነው የሚሠራው። ስለዚህ መብራት፣ ካሜራ፣ ለውበት የሚገዛ የአሉሚኒየም ዕቃ አትጫኑበት።

ባለ 2 ሴል ባትሪ ሲሞላ 8.4 ቮልት፣ ማለትም በየሴሉ 4.2 ማሳየት አለበት። አንዱ ሴል 4.2 ሌላው 3.9 ካለ ጥፋቱ ባትሪው ጋ ነው። በየሴሉ ከ3 ቮልት በታች እስኪወርድ ድረስ ማብረር ባትሪውን ይገድለዋል። ያበጠ ባትሪ አይጠገንም፤ በመርፌ ወግቶ ማስተንፈስ እሳት መለኮስ ነው። ቻርጅ ሲደረግ ሸክላ ምጣድ ላይ ይቀመጥ፣ ሰውም አጠገቡ ይኑር። መብራት ሲመጣ ይሞላል ብሎ ሶኬት ላይ ትቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም።

አፍንጫው በራሱ ወደ አንድ ወገን ይዞራል

ሁለቱን ሮተሮች የሚያዞሩት የሁለቱ ሞተሮች ጉልበት አልተጣጣመም ማለት ነው። ባትሪው ሲሰካ ሄሊኮፕተሩ መሬት ላይ ሳይነካ ጥቂት ሰከንድ ይቀመጥ፤ ጋይሮው (አካሉ ሲዞር የሚለካው ክፍል) መነሻውን የሚይዘው ያኔ ነው። በእጅ እያወዛወዙ ሰክቶ «ጋይሮው ተቃጥሏል» ማለት ተለምዷል፤ ያልተበላሸ ሰሌዳ (ጋይሮው ያለበት የኤሌክትሮኒክስ ካርድ) የሚቀየረው በዚህ ነው።

ከዚያም የሪሞቱን ትሪም (ትንሿን የማስተካከያ ቁልፍ) መሃል ላይ አድርጉና ሰሌዳው ላይ ካሉት ሁለት ትንንሽ የሚዞሩ ቁልፎች የሞተሮቹን ድርሻ የሚያመጣጥነውን በቀጭን ካቻቢቴ በጥቂት በጥቂቱ አዙሩ። ሌላው የጋይሮውን ብርታት ይወስናል፤ ጭራው በፍጥነት ከተንቀጠቀጠ በዝቷል፣ ቀንሱት። ሲነሳ ደህና ሆኖ ከ2 ወይም 3 ደቂቃ በኋላ መዞር ከጀመረ ግን ቁልፎቹን ተዉአቸው። ምክንያቱ የአንዱ ሞተር ካርቦን ማለቁ ነው፤ ከሁለቱ አብልጦ የሚግለው እሱ ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ። አዲሶቹን ከመግጠማችሁ በፊት በሁለት የእጅ ባትሪ ድንጋይ (3 ቮልት) ያለ ጭነት 30 ደቂቃ ያህል አሽከርክሯቸው፤ ካርቦኑ ቅርጹን ይይዛል።

እያንዣበበ ሳለ እየተዋለለ ክብ ይሠራል

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ይህ ነው። ሄሊኮፕተሩ አንድ ቦታ መቆም ሲገባው ወገቡን እያዞረ ይዋልላል፤ ክቡ እየሰፋ ሄዶ ግድግዳ ይመታል። ብዙ ሰው ወዲያው ሰርቮ ይቀይራል። ሁለት ሰርቮና አንድ ሙሉ ሰሌዳ ተቀይሮለት አሁንም ክብ የሚሠራ ሄሊኮፕተር አለ፤ ጥፋቱ ፍላይባሩን ከላይኛው ሮተር ጋር የምታገናኝ፣ የጠበቀች አንዲት የፕላስቲክ ማያያዣ ነበረች።

ፍላይባሩ ሲሽከረከር ደረጃውን ይዞ መቆየት ይፈልጋል። አካሉ ሲያዘነብል እሱ አብሮ አያዘነብልም፤ በማያያዣው በኩል የላይኞቹን ክንፎች አንግል ለውጦ አካሉን ይመልሰዋል። በመሃል የሚይዝ ነገር ካለ እርማቱ ይዘገያል። የዘገየ እርማት ደግሞ የሚያርፈው ከዘመመው አቅጣጫ ጎን ላይ ነው፤ ሄሊኮፕተሩ የራሱን ዝማሜ እያሳደደ የሚዞረው ለዚህ ነው።

ባትሪውን ንቀሉ። ሳይነቀል የሮተር ራስ አይነካም፤ ሪሞቱ ጠፍቷል ብላችሁ አትመኑ። ፍላይባሩን በአንድ ጣት ጫፍ ዝቅ ከፍ አድርጉት፤ ሳይንቀራፈፍ መውረድና መውጣት አለበት። ከያዘ ማያያዣውን ከተሰካባት ትንሽ ኳስ አውጥታችሁ እንደገና ሞክሩ። አሁን ነጻ ከሆነ ጥፋቱ ማያያዣው ነው፤ አሁንም ከያዘ መሃል ያለው ፒን ተጣሟል ወይም ቆሽሿል። የጠበቀ ማያያዣ ኳሱ ላይ እንዳለ አፉ ለስላሳ በሆነ ፒንሳ በቀስታ ይጨመቃል፤ ሩብ ዙር ዞሮ እንደገና። 2 ወይም 3 ጊዜ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ይላላል፤ የላላ ማያያዣ አየር ላይ ይወልቃል። ዘይት አትቀቡ! የበጋው ቀይ አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ዘይት ለኩሽኔታ ብቻ ነው፤ አንድ ጠብታ የስፌት ማሽን ዘይት። በተለይ ክረምቱን ሳይነካ ተቀምጦ የከረመ ከሆነ ኩሽኔታው ዝጎ ሊሆን ይችላልና እዩት።

ቀጥሎ የክንፍ ብሎኖች። ሄሊኮፕተሩን በጎኑ ስትይዙት ክንፉ በራሱ ክብደት መታጠፍ አለበት። የጠበቀ ክንፍ ሲሽከረከር መስመሩን ራሱ መያዝ አይችልም። በሩብ ዙር አላሉት፤ ወደ ላይና ወደ ታች ግን መነቃነቅ የለበትም።

ከዚያም ውስጠኛው ዘንግ። የላይኛውን ሮተር የሚይዘው እሱ ነው፤ ወድቆ ያልተጣመመ ብርቅ ነው። አውጥታችሁ መስታወት ላይ አንከባሉት፤ ከሥሩ ብርሃን እየታየ እየጠፋ ከሄደ ተጣሟል። በመዶሻ ማቃናት ትርፉ ድካም ነው፤ ቀይሩት። መልሳችሁ ስትገጥሙ በሞተሩ ጥርስና በትልቁ ጥርስ መሃል ቀጭን ወረቀት አስገብታችሁ አጥብቁ፤ ወረቀቱ ሲወጣ የሚቀረው ክፍተት ልኩ ነው።

የመለዋወጫ ጉዳይ ያናድዳል። በርካሽ የሚሸጡት ክንፎች ጥንድ ተብለው አንዱ ከሌላው ይከብዳል። ሚዛን ላይ አስተያዩአቸውና ቀለል ባለው ክንፍ ጫፍ ላይ ቁራጭ ስኮች ለጥፉ። አንድ አሮጌ ከአንድ አዲስ ጋር አታጣምሩ። የላይኛውና የታችኛው በተቃራኒ ስለሚዞሩ አይለዋወጡም። በተሰበረ ፍላይባር ፋንታ የብስክሌት ራጂ መግጠምም አለ፤ ክብደቱ ስለሚጨምር ትእዛዝ ይዘገያል፣ ሁለቱ ጫፎች እኩል ካልሆኑ ደግሞ ሁሉም ነገር ይንቀጠቀጣል። ተሰንጥቆ በሱፐር ግሉ የተያያዘ ክንፍ ሲበር ተቆርጦ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ይጣል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ወደ አንድ ወገን የሚሳብ ከሆነ ክብደቱ መሃል ላይ አይደለም። ፍላይባሩን ከአካሉ ጋር መስቀለኛ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ አንጠልጥሉት፤ እግሮቹ ከመሬት ጋር እኩል እስኪሆኑ ባትሪውን አንሸራቱ።

ሁለቱ ሮተሮች ይጋጫሉ

በፍጥነት ወደፊት ሲነዳ ወይም ነፋስ ሲመታው የሚመጣ ነው። የኮባ ቅጠል ሲወዛወዝ አታስነሱት፤ ማለዳ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ወይም አዳራሽ ውስጥ ይሻላል።

ይበራል፣ ግን ትእዛዝ በደንብ አይቀበልም

ማሻሻል የሚጀመረው እዚህ ነው፤ ውልለላው ሳይጠፋ አትጀምሩት፣ ይብስበታል። የሰርቮውን ማያያዣ ከክንዱ ውስጠኛ ቀዳዳ ወደ ውጪኛው አዛውሩ፤ ስዋሽፕሌቱ አብልጦ ያዘነብላል። ሁለቱን ሰርቮዎች እኩል ቀዳዳ ላይ አድርጉ፣ ከዚያም ስቲኩን ጥግ ድረስ ገፍታችሁ የሚነካካ ነገር አለመኖሩን እዩ። ፍጥነት ከፈለጋችሁ ባትሪውን ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ወደ አፍንጫው ግፉት። ከዚያ በላይ ከሄደ ስቲኩ ወደ ኋላ ተስቦ እንኳ አይቆምም።