ለጅቡቲ ባሕር የዓሣ ማጥመጃን ከደሴና ከኮምቦልቻ አዘጋጅቶ ስለ መውረድ

ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጋችሁ ጅቡቲ ስትወርዱ በሰው ሠራሽ ማባበያ ዓሣ ለማጥመድ ካሰባችሁ፣ ዋናው ሥራ የሚሠራው እቤት ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ትሬቫሊና ባራኩዳ የሚባሉ ዓሦች አሉ፤ ሁለቱም ጉልበተኛ ናቸው። ብዙ ጊዜ ዓሣ የሚያመልጠው ማባበያው ስለማይረባ ሳይሆን ቋጠሮው ስለሚላቀቅ ነው።

ሪሉ (ዘንጉ ላይ ያለው የክር መጠቅለያ) ላይ 14 ኪሎ የሚችል የተጎነጎነ ክር ጠቅልሉ፤ ጫፉ ላይ 25 ኪሎ ገደማ የሚችል ፍሎሮካርቦን (ወፈር ያለ ነጠላ የፕላስቲክ ክር) አንድ ሜትር ተኩል ቀጥሉበት። ለመቀጠል ሁለቱን ክሮች ከተቃራኒ አቅጣጫ አምጥታችሁ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ደርቧቸው። የቀጭኑን፣ ማለትም የተጎነጎነውን ክር ጫፍ ወደ ኋላ መልሳችሁ ቀለበት ሥሩ፤ ጫፉን በቀለበቱ ውስጥ እያሳለፋችሁ በሁለቱም ክሮች ላይ 8 ጊዜ ጠምጥሙት። ወፍራሙንም ፍሎሮካርቦን እንዲሁ አድርጉ፤ ለእሱ 4 ጊዜ ይበቃዋል። የተጎነጎነ ክር ልስልስ ነው፤ ጥምጥሙ ካነሰ ዓሣው ሲጎትት ሾልኮ ይወጣል። ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቅ ክር ሲፋተግ ግሎ ይዳከማል። ጥምጥሞቹ ጎን ለጎን ካልተደረደሩና አንዱ በሌላው ላይ ከወጣ ሳታመነቱ ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ።

የሪሉን ፍሬን (ዓሣው ሲጎትት ክሩ የሚወጣበትን ጥብቀት የሚወስነውን) በግምት አትተዉት። የክሩን ጫፍ በሚንጠለጠል ሚዛን መንጠቆ ላይ እሰሩና አንድ ሰው ይጎትተው፤ ሚዛኑ 3 ኪሎ ተኩል ሲያሳይ ክሩ መውጣት ይጀምር። ይህም የክሩ አቅም ሩብ ነው።

በፍላይ (ቀላል ማባበያ በወፍራም ክር ክብደት እየተወረወረ) ለምታጠምዱ ትልቁ ጉዳይ ክሩ ነው። ለሞቃት ባሕር የተሠራው ጠንከር ያለ ስለሆነ በደሴ ብርድ እንደ ሽቦ ይጠቀለላል። ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ ሁለት ሰው ሆናችሁ ይዛችሁ አምስት አምስት ሜትሩን ቀስ ብላችሁ ሳቡት፣ ይቃናል። ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራው ግን በጅቡቲ ሙቀት ልፍስፍስ ብሎ ክሩ በሚያልፍባቸው የዘንጉ ቀለበቶች ላይ ይጣበቃል፤ እሱን ይዛችሁ አትውረዱ። ውርወራውን ሐይቅ ላይ ተለማመዱት፤ መንጠቆውን አውልቁ፣ ከአጥማጆች መረብም ራቁ። ዓሣው ሲነክስ ዘንጉን ወደ ላይ ማንሳት መንጠቆውን ከአፉ ያወጣዋል። ዘንጉን ወደ ዓሣው አቅንታችሁ ክሩን በእጃችሁ ወደ ኋላ ሳቡት፤ እጃችሁ ይህን እዚሁ ይልመድ።

ባራኩዳ ፍሎሮካርቦኑን በጥርሱ ይቆርጠዋል። እሱ ባለበት ከማባበያው በላይ 20 ሳንቲ ሜትር የብረት ሽቦ ጨምሩ፤ በሌለበት ግን አውጡት፣ የማባበያውን እንቅስቃሴ ያደነዝዛል። ጥልቀት በሌለው ውሃ ስትሄዱ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጉ፤ እግራችሁንም እየጎተታችሁ ተራመዱ፣ አሸዋ ውስጥ የተኛ ባለ መርዝ ዓሣ አለ።

ስትጨርሱ ሪሉን ፍሬኑን አጥብቃችሁ በቀስታ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ እጠቡት፤ በኃይል የሚረጭ ውሃ ጨዉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከዚያ ፍሬኑን አላልታችሁ አድርቁት። ባሕር የነካውን ማባበያ ሳታጥቡ ከደረቁት ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አትክተቱ፤ ዝገቱ ወደ ሌሎቹም መንጠቆዎች ይተላለፋል።