ፓስቲል፦ ዶሮና ሩዝ በሙዝ ቅጠል

የፊሊፒንስ ምግብ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው አዶቦ ነው። እዚህ ዱባይ፣ ዴራ፣ ኩሽና የምንጋራው ልጅ ግን ከሚንዳናው ነች። እሷ ጋ ፓስቲል ከሌለ ቁርስ ተበላ አይባልም። እኔም ከእሷ ነው የለመድኩት።

ሚንዳናው በደቡብ ፊሊፒንስ ያለው ትልቁ ደሴት ነው። ፓስቲል የዚያው የማጊንዳናዎን ሕዝብ ምግብ ነው። ሙስሊሞች ስለሆኑ የአሳማ ነገር አይነካካውም። ኮታባቶ ከተማ በጠዋቱ መንገድ ዳር ይሸጣል። ማኒላም ኪያፖ ሰፈር፣ ወርቃማው መስጊድ አካባቢ አይጠፋም። ትኩስ ሩዝ፣ ላዩ ላይ ክር ክር ተደርጎ የተቁላላ ዶሮ፣ ዙሪያውን የሙዝ ቅጠል፣ አለቀ። በፎይል ልጠቅልለው የምትሉ ካላችሁ ግን ይቅርባችሁ። ትኩሱ ሩዝ ሲያርፍበት ያ ሽታ የሚወጣው ከቅጠሉ ነው።

ስለዚህ ከቅጠሉ እንጀምር። እዚህ የፊሊፒኖ ግሮሰሪዎች ታጥፎ የታሸገ፣ በረዶ የሆነ ቅጠል ይሸጣሉ። ቤት ስታደርሱት ራሱ እስኪቀልጥ ተዉት። በረዶውን ይዞ ከዘረጋችሁት ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል። ሲቀልጥ ወፍራሙን የመሃል አጥንት በመቀስ አውጡና ግራና ቀኙን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ንጹሕ ይመስላል፣ ጨርቁን ግን ገልብጣችሁ እዩት።

ቀጥሎ እሳት ነው። ጋዙን መካከለኛ አድርጉ። ቅጠሉን በሁለት እጅ ወጠር አድርጋችሁ ከነበልባሉ በላይ ቀስ እያላችሁ አሳልፉት። ደብዘዝ ያለው አረንጓዴ ድንገት ይጠቁርና ያብረቀርቃል፤ ለውጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሄድ በዓይን ይታያል። ላዩ ላይ ያለው ሰም እየቀለጠ ነው። እሳቱ ያልነካው ቦታ ሲታጠፍ ይቀደዳል፣ የነካው ደግሞ እንደ ነጠላ ይታጠፋል። ቡናማ ከሆነ አልፏል። ምድጃችሁ የኤሌክትሪክ ከሆነ ደረቅ መጥበሻ አግላችሁ ቅጠሉን ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጉበት። ከዚያ ጎንና ጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር እየሆነ ይቆረጥ። የተቀደደውን አትጣሉት፣ ከውስጥ ይደረባል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ለድፎ ዳቦ የምትገዙት ኮባም ይሆናል። እንሰትና ሙዝ ዘመዳሞች ናቸው። ኮባው ወፈር ስለሚል እሳቱ ላይ ትንሽ ቆየት ይበል። አርባ ምንጭ ያላችሁማ ምን አለባችሁ፣ ጓሮ ብቅ ማለት ነው።

ዶሮው 1 ኪሎ ያህል ይሁን፣ ታፋው ቢበዛበት ይመረጣል። ደረት ብቻ ሲሆን መጨረሻ ላይ እንጨት እንጨት ይላል። ቆዳውን ግፈፉት፤ ከአንድ ቀይ ሽንኩርት፣ ከተቀጠቀጠ ዝንጅብልና ከትንሽ ጨው ጋር ስጋው ከአጥንቱ በቀላሉ እስኪላቀቅ ቀቅሉት። ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል። የአበሻ ዶሮ ከሆነ ግን ሰዓት አትቁጠሩ፣ በሹካ እየወጋችሁ ጠብቁት። መረቁን እንዳትደፉ።

ለብ ሲል በጣት መፈልቀቅ ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ስጋው ክር እስኪሆን ድረስ ይቅጠን። ጓደኛዬ የኔን አይታ “ገና ነው” ብላ ትመልስልኛለች። ለወሬ የሚመች ሥራ ነውና ሰው ጥሩና አብራችሁ ፈልቅቁ። ስጋው ከቀጠነ ሶሱን ይጠጣል፣ ሩዙም ላይ እኩል ይዳረሳል።

አሁን ሰፊ መጥበሻ ላይ 4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሙቁና አንድ ሙሉ ራስ ነጭ ሽንኩርት ከትፋችሁ ጨምሩ። ወርቃማ መሆን ሲጀምር ዶሮው ይግባ። 5 የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ ደቀቅ ያለ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምሩበት። ኮምጣጤው ከገባ በኋላ ፈላ ብሎ ኃይለኛው ሽታ እስኪበርድ አታማስሉት። የፊሊፒኖ ሴቶች በዚህ ቀልድ አያውቁም። ከዚያ አንድ ኩባያ መረቅ አፍሱበትና በመጠነኛ እሳት እያማሰላችሁ ጠብቁ። መረቁ አልቆ ዘይቱ ከዳር ብቅ ሲል፣ ልክ ወጥ እንደምናውቀው፣ ደርሷል። ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ቅመሱት፤ ሶሱ ራሱ ጨው ነው። ፈሳሽ ከቀረበት ሩዙን ያበሰብሰዋልና መድረቁን እርግጠኛ ሁኑ።

ሩዝ ላይ ባስማቲ አይሆንም። ፍሬ በፍሬ ስለሚበተን ቅጠሉ ሲፈታ ይዘረገፋል። የግብፅ ሩዝ ወይም ሌላ አጠር ያለና የሚያያዝ ይሁን። ለ2 ኩባያ ሩዝ 2 ኩባያ ተኩል ውሃ አድርጉ።

አጠቃለሉ ቀላል ነው። ሩዙ ገና እንፋሎት እያወጣ መሆን አለበት፤ ከቀዘቀዘ ቅጠሉ አይሸትም። አንድ ኩባያ ያህል ሩዝ በቅጠሉ መሃል በቁመት አስተኙ፣ ጠቅጠቅ አድርጉት፣ ዶሮውን ከላይ ከጫፍ ጫፍ ዘርጉ። ቅጠሉ የሚቀደደው በደም ሥሩ አቅጣጫ ስለሆነ ሁለተኛ ቁራጭ በመስቀለኛ ደርቡበት። አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ ሁለቱን ጫፎች ወደ ታች አጥፋችሁ በታጠፈው በኩል አስቀምጡ። ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል፣ ክር አያስፈልግም። 10 ደቂቃ ያህል ሳትነኩት ይረፍ።

የሚበላው በእጅ ነው፣ ቅጠሉ ሳህን ይሆናል። ከጎኑ የተቀቀለ እንቁላልና ኪያር፣ ቃሪያ የተከተፈበት ኮምጣጤም በትንሽ ሳህን። እኔ ሚጥሚጣ ነስነስ አደርግበታለሁ። የአገሩ ወግ አይደለም፣ ጓደኛዬ ግን አሁን ከኔ ማሰሮ እየቆነጠረች ነው።

ዶሮው ከተረፈ ፍሪጅ ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል፣ በዳቦም ይጣፍጣል። የተጠቀለለውን ግን በዚያው ሰዓት ብሉት። በዚህ ሙቀት የበሰለ ሩዝ ለማታ ብላችሁ ቦርሳ ውስጥ እንዳታስቀምጡ።